የፍሳሽ ዋጋ በስፍር ሳይሆን በሚዛን ይሁን

ከአንድ ጤና መኮንን

ንጽሕና የጤና መሠረት መሆኑን ዛሬ የማያውቅ ሰው አይገኝም። ነገር ግን የአንዱ ቤት ንጽሕና የጎረቤቱ እድፍ ሆኖ እንዳይቀር የሚጨነቅ ሰው ጥቂት ነው። ውሃ ያጠበውን እድፍ ይዞት ይሄዳል እንጂ አያጠፋውም፤ እኛ ግን ከደጃፋችን የራቀው ሁሉ ከዓለም የጠፋ እየመሰለን እንዘነጋዋለን። በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ያሰብኩት ሐሳብ ይህንኑ የተዘነጋ እድፍ የሚመለከት ነው። ጥያቄውም በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፤ ከሌላው ይልቅ የከበደ ፍሳሽ የሚያወጣ ሰው ከሌላው ይልቅ ሊከፍል ይገባዋልን? የሚገባውስ ከሆነ ልኩ በምን ይታወቃል?

እኔ ይገባዋል ከሚሉት ወገን ነኝ። ይሁን እንጂ ክፍያው በሊትር ስፍር ብቻ የተቈረጠ እንደሆነ ድሀውን አስከፍሎ ባለጸጋውን ነጻ የሚያወጣ መሆኑን፣ እንዲሁም እድፉ የሚራገፍበት ስፍራ ሳይዘጋጅ ክፍያ ብቻ የታወጀ እንደሆነ ከጥቅሙ ጉዳቱ የሚብስ መሆኑን አስቀድሜ ለመግለጽ እወዳለሁ። ነገሩንም ሁላችን ከምናውቀው ከቀፊራ እጀምራለሁ።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሐዲድ በደረሰባት ጊዜ የተቈረቈረች ከተማ ስትሆን፣ ደቻቱ የተባለው አሸዋማ ወንዝ በመካከልዋ ያልፋል። በአንዱ ወገን መንገዱ በቅየሳ የተዘረጋው ከዚራ፣ በሌላው ወገን ሕዝብ የሚበዛበት መጋላ ይገኛል። የቀፊራ ገበያ በዚያ በመጋላ ወገን ያለ፣ በቅስት በሩ የታወቀ ገበያ ነው። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አፋሩ፣ ሐረሪው፣ አማራው በአንድነት ይገበያዩበታል። አትክልቱና ፍራፍሬው፣ ቅመማ ቅመሙ፣ ሥጋው፣ ወተቱ፣ ከዘይት ትኩስ የሚወጣው ሳንቡሳና ሙሸበክ ሁሉ በዚያ ይገኛል። እንግዲህ ቀፊራ የከተማይቱ ሆድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሆድ ባለበት ደግሞ የሚወጣ እድፍ መኖሩ ግድ ነው።

ከባሕር ማዶ ትምህርቴን ጨርሼ ከተመለስሁ በኋላ በዚህ ገበያ ዙሪያ ስለሚወጣው ፍሳሽ ሐሳብ አዘጋጅቼ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ የተስተካከለ ሐሳብ ነበር፤ ይኸውም እያንዳንዱ ሰው በሚጠቀምበት ውሃ ልክ የፍሳሽ ማንሻ ይክፈል፤ ብዙ የሚያፈስ ብዙ፣ ጥቂት የሚያፈስ ጥቂት ይክፈል የሚል ነበር። ወረቀቱን ይዤ ከገበያው ጀርባ ባለው ሰፈር ስዘዋወር፣ የሰው ልብስ በክፍያ እያጠቡ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት አገኘሁ። በአጠገባቸውም አንድ ምግብ ቤት ነበረ፤ ጓሮው ውስጥ ፍየሎች እየታረዱ፣ ደሙ በባልዲ እየተቀዳ ወደ ቦይ ይደፋ ነበር።

ሐሳቤን ለሁለቱም አስረዳሁ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ሳቅ ብሎ «አቦ፣ ውሃ ያው ውሃ ነው፤ እኔ የምደፋው አንድ ባልዲ ብቻ ነው፤ እከፍላለሁ» አለኝ። እኒያ እናት ግን እጃቸውን ከሳሙናው አውጥተው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «ስማ ወንድሜ፣ የእኔ ሳሙናና የእሱ ደም ባንድ ዋጋ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ወደ ቤቴ ተመልሼ እርሳስና ወረቀት አንሥቼ ማስላት ጀመርሁ፤ ስሌቱ ከዚህ በታች ያለው ነው፤ ይህን ጽሑፍም የወለደው እርሱ ነው።

ስሌቱን ለመረዳት ግን አስቀድሞ የፍሳሽ ክብደት በምን እንደሚመዘን ማወቅ ያስፈልጋል። በፍሳሽ ውስጥ ያለውን ደም፣ ስብ፣ ወተት፣ የምግብ ፍርፋሪ ጥቃቅን ሕዋሳት ይመገቡታል። ሲመገቡም እንደ እኛ ይተነፍሳሉ፤ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይፈጁታል። እድፉ በበዛ መጠን የሚፈጁት ኦክስጅን ይበዛል። ኦክስጅኑ ያለቀ እንደሆነ፣ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ሌሎች ሕዋሳት ይተካሉ፤ ሁላችን የምናውቀውን የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ክርፋት የሚያመጡትም እነርሱ ናቸው። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት አገር ይህ መበስበስ እጅግ ይፈጥናል። ስለዚህ የዚህ ዘርፍ ባለሙያዎች የፍሳሹን ናሙና በጨለማ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት ለ5 ቀን አስቀምጠው የተፈጀውን ኦክስጅን ይለካሉ፤ በዚህም የፍሳሹን ክብደት ያውቃሉ። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ «ከባድ ፍሳሽ» ስል ብዙ ኦክስጅን የሚፈጅ ፍሳሽ ማለቴ ነው።

ይህን ዐይነቱን ልኬት በመላው ዓለም ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1912 የእንግሊዝ መንግሥት የፍሳሽ ጉዳይ ኮሚሲዮን ያወጣው መግለጫ ነው። ያ ኮሚሲዮን ወደ ወንዝ የሚለቀቅ የተጣራ ፍሳሽ በሊትር ከ20 ሚሊግራም የበለጠ ኦክስጅን እንዳይፈጅ ወስኖ ነበር። አምስት ቀን የተባለበት ምክንያት፣ እንደሚነገረው፣ የእንግሊዝ ወንዝ ከምንጩ ተነሥቶ ባሕር ለመግባት ከዚያ የበለጠ ጊዜ ስለማይወስድበት ነው። ይህን በተማርሁ ጊዜ ሐሳቤ ወደ ደቻቱ ሄደ። የእንግሊዝ ወንዝ በአምስት ቀን እድፉን ለባሕር ያስረክባል። ደቻቱ ግን ባሕር አይደርስም፤ በክረምት ጎርፉን ይዞ ወደ ሰሜን ቆላ ይወርድና በአሸዋ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። የእኛ እድፍ የሚሄድበት ባሕር የለውም። ከእኛው ጋር ይኖራል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንመለስ። የአንድ ሰው የአንድ ቀን እድፍ፣ የአውሮፓ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ 60 ግራም ኦክስጅን እንደሚፈጅ ተደርጎ ይቈጠራል። ይህን «የአንድ ሰው ልክ» እንበለው። ከአንድ ፍየል በግምት አንድ ሊትር ደም ይወጣል፤ አንድ ሊትር ደም ደግሞ 150 ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈጃል። ስለዚህ በአንድ የበዓል ዋዜማ ዐሥር ፍየል ያረደ ምግብ ቤት፣ የማጠቢያውን ውሃ ለጊዜው ትተን ደሙን ብቻ ብንይዝ፣ 10 ሊትር ደፍቶ 1,500 ግራም ኦክስጅን ያስፈጃል። ይህም የ25 ሰው ልክ ነው። በአንዲት ባልዲ ውስጥ የ25 ሰው እድፍ አለ ማለት ነው።

እኒያ ልብስ አጣቢ እናት ደግሞ በቀን 20 ጀሪካን ውሃ፣ ማለትም 400 ሊትር፣ ያፈሳሉ እንበል። የሳሙናው ውሃ በሊትር 300 ሚሊግራም ኦክስጅን የሚፈጅ ቢሆን እንኳ፣ ጠቅላላው 120 ግራም ይሆናል፤ ይህም የሁለት ሰው ልክ ነው። እንግዲህ በእኔ በፊተኛው ሐሳብ መሠረት፣ በሊትር ብቻ ቢከፈል፣ እኒህ እናት ከደሙ ባለቤት 40 እጥፍ ይከፍሉ ነበር። በሚዛን ቢታይ ግን የደሙ ሸክም ከእርሳቸው 12 እጥፍ ተኩል ይበልጣል። ሕጉ የተጻፈው ለንጽሕና፣ ፍሬው ግን ግፍ ይሆን ነበር።

የቀፊራ ነጋዴ ይህን ነገር ለመረዳት ከእኔ ትምህርት አያስፈልገውም። በዚያው ገበያ ጨው በጣሳ ይሰፈራል፤ ሄል ግን በሚዛን ይሸጣል። ሁለቱን በአንድ ጣሳ ሰፍሮ በአንድ ዋጋ የሚሸጥ ነጋዴ ቢገኝ ሁሉ ይስቅበታል። ታዲያ ለቅመም የገባን ሚዛን ለእድፍ ስለ ምን አይገባንም?

ይህ የሚዛን ክፍያ በሌላ አገር ተፈትኗል። እኔ በተማርሁበት በሆላንድ አገር፣ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ግድቡንና ቦዩን የሚያስተዳድርባቸው የውሃ ጉባኤዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራ ላይ በዋለ ሕግ መሠረት እነዚህ ጉባኤዎች የፍሳሽ ክፍያን በሰው ልክ ማስከፈል ጀመሩ። ብቻውን የሚኖር ሰው የአንድ ልክ ይከፍላል፤ ከአንድ ሰው በላይ ያለበት ቤት የሦስት ልክ ይከፍላል፤ ትልልቅ ፋብሪካዎች ግን ፍሳሻቸው ተለክቶ፣ የስንት ሰው ልክ እንደሆነ ታውቆ ይከፍላሉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ብዙ ፋብሪካዎች እድፋቸውን በገዛ እጃቸው ቀነሱ፤ ምክንያቱም እድፉን ከማፍሰስ ይልቅ በግቢያቸው መያዙ ረከሰላቸው። በእንግሊዝ አገርም በምዕራብ ለንደን ከሚገኘው ከሞግደን ማጣሪያ ጣቢያ ስሙን የወሰደ ቀመር አለ፤ ፋብሪካዎችን የሚያስከፍለው ለማጓጓዣው፣ ለውሃው ብዛት፣ ለኦክስጅኑ ፍጆታና ለዝቃጩ ለየብቻ አስልቶ ነው።

አንባቢው «እነርሱ ላቦራቶሪ አላቸው፤ እኛ ለእያንዳንዱ ሳንቡሳ ጠባሽ ናሙና እንቅዳን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በሆላንድም ቢሆን ለእያንዳንዱ አነስተኛ ነጋዴ ናሙና አይቀዳም። የሥራ ዐይነት ሰንጠረዥ አለ፤ የአንድ ሙያ ፍሳሽ በአማካይ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቀድሞ ታውቆ ተጽፏል፤ የውሃው ቍጥር በዚያ ይባዛል። ናሙና የሚቀዳው ለትልልቆቹ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ለቀፊራ ማዘጋጀት ከዐቅማችን በላይ አይደለም።

ከዚህ በላይ ግን የድሬዳዋ ሁኔታ ከአውሮፓ የሚለይበት አንድ ዐቢይ ነገር አለ። ድሬዳዋ ቤትን ሁሉ የሚያገናኝ የፍሳሽ ቧንቧ መረብ የላትም። አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው በሽንት ቤት ጕድጓድና በሴፕቲክ ታንክ ሲሆን፣ የሞላው በመጣጭ መኪና ይነሣል፤ የቀረው ወደ መሬት ይሰርጋል፤ የጓሮውና የመንገዱ ፍሳሽ ወደ ቦይና ወደ ደቻቱ ይወርዳል። ስለዚህ «የቧንቧ መረብ በሌለበት የፍሳሽ ክፍያ ምንድን ነው?» የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው እላለሁ። ቧንቧ ያለው ከተማ እድፉን ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ይልካል። እኛ ግን እድፉን የምናስረክበው ለምንጠጣው ውሃ ነው።

ይህ አነጋገር ለማስፈራራት የተነገረ አይደለም። የድሬዳዋ የመጠጥ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚቀዳ ሲሆን፣ ከጕድጓዶቹ አንዳንዶቹ በሳቢያን ይገኛሉ። በከተማዪቱ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ የተደረጉ ጥናቶች በአንዳንድ ጕድጓዶች ውስጥ ናይትሬት የተባለው ንጥረ ነገር ከፍ ብሎ መገኘቱን፣ ምንጩም በአመዛኙ የሽንት ቤት ጕድጓድና የፍሳሽ ስርገት መሆኑን አመልክተዋል። ደም፣ ሽንት፣ የበሰበሰ ሥጋ በናይትሮጅን የበለጸጉ ናቸው፤ መሬት ውስጥ ሲበሰብሱ ናይትሮጅኑ ወደ ናይትሬት ይለወጣል፤ ናይትሬትም ከውሃ ጋር በቀላሉ ይወርዳል፤ አሸዋ አያስቀረውም።

የዓለም የጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ናይትሬት በሊትር ከ50 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ይህም ልክ የተቈረጠው በተለይ ጡጦ ለሚጠቡ ጨቅላ ሕፃናት ታስቦ ነው። ናይትሬት በሕፃኑ ሆድ ተለውጦ ወደ ደሙ ሲገባ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም ኀይሉን ያጣል፤ የሕፃኑ ከንፈርና ጥፍር ወደ ሰማያዊነት ይለወጣል፤ ቶሎ ካልታከመም ለሕይወቱ ያሰጋል። እናቶች በተለይ ሊያውቁት የሚገባ ነገር ቢኖር፣ ውሃን ማፍላት ጀርሞችን ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲቀንስ የቀረውን ናይትሬት ያከብደዋል። ለጨቅላ ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይሰጥ የምንለው በብዙ ምክንያት ሲሆን፣ ይህም አንዱ ምክንያት ነው።

የስብና የዘይት ነገርም እንዲሁ ነው። ትኩስ ዘይት ሲደፋ ውሃ ይመስላል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ይረጋል፤ ቦዩን ይደፍናል፤ በሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ገብቶ ውሃው ወደ መሬት የሚሰርግበትን ቀዳዳ ይዘጋል። ለብዙ ዓመት ማገልገል የሚችል ጕድጓድ በአጭር ጊዜ ሞልቶ ይፈስሳል። በተኛው ፍሳሽ ላይም ዝንብና አይጥ ይራባሉ፤ እድፍ ባለበት ውሃ የምትራባው ትንኝ ትፈለፈላለች። የዚህ ሁሉ ወጪ ዛሬ የሚከፈለው በማን ነው? ቦዩ በደጃፉ በሚያልፍ ጎረቤትና ልጁን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ በሚመጣ ወላጅ ነው። ክፍያ አሁንም አለ፤ የሚከፍለው ግን ያላቈሸሸው ሰው ነው።

ሕጋችንም ይህን አይፈቅድም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። አዋጅ ቍጥር 300/1995ም አካባቢን የበከለ ሰው ያጸዳ ዘንድ፣ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይከፍል ዘንድ ያስገድዳል። መሠረቱ ተጥሏል፤ የጐደለው ይህን ሕግ እስከ ምግብ ቤቱ ጓሮ ድረስ የሚያወርድ ሥርዐት ነው።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ በአምስት ነጥብ የሚጠቃለል ነው።

1ኛ፤ የሥራ ዐይነቶች በፍሳሻቸው ክብደት በሦስት ደረጃ ይከፈሉ። መኖሪያ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ልብስ አጣቢ፣ አትክልት ሻጭ በመጀመሪያው ደረጃ ይሁኑ፤ ምንም ተጨማሪ አይክፈሉ። ምግብ ቤት፣ ዘይት ጠባሽ፣ ጭማቂ ቤት በሁለተኛው ይሁኑ። እንስሳ የሚታረድበት ስፍራ፣ የወተት ማቀነባበሪያ፣ ቆዳ የሚለፋበትና ሳሙና የሚፈላበት ስፍራ በሦስተኛው ይሁኑ። ተጨማሪው ዋጋ የሚታሰበው ከመኖሪያ ቤት ፍሳሽ በከበደው መጠን ብቻ ይሁን።

2ኛ፤ ፍሳሹን በገዛ ፈቃዱ ያቀለለ ነጋዴ ዋጋው ይቀነስለት። ይህም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ደምን በበርሜል ለብቻ መያዝ፣ ሰሐንና ወለልን ውሃ ከማፍሰስ በፊት ደረቁን መጥረግ፣ ያገለገለውን ዘይት በጀሪካን ማጠራቀም፣ ከቦዩ አፍ ላይ ስብ የሚያስቀር ባለሁለት ክፍል ሣጥን መሥራት ነው። ስብ ከውሃ ስለሚቀል በሣጥኑ ላይ ይንሳፈፋል፤ ውሃው ከሥር ያልፋል። ሣጥኑ ግን በየጊዜው ካልተጠረገ እንዳልተሠራ ይቈጠራል። የተያዘው ደምም ደርቆ ለከብት መኖ ወይም ለማዳበሪያ ሊውል የሚችል ሀብት ነው። ተቈጣጣሪው አይቶ ካረጋገጠ፣ ነጋዴው አንድ ደረጃ ዝቅ ይበል።

3ኛ፤ ክፍያ ፈቃድ አይሁን። ያገለገለ የሞተር ዘይት፣ የባትሪ አሲድ፣ የቆዳ ማልፊያ ኬሚካል በምንም ዋጋ ወደ ቦይም ሆነ ወደ ጕድጓድ አይለቀቁ። «ከፍዬበታለሁ» ማለት «መርዤ ልለፍ» ማለት እንዳይሆን ሕጉ በግልጽ ይለይ።

4ኛ፤ የተሰበሰበው ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ አይዋል። ለመጣጭ መኪና፣ ለደም ማጠራቀሚያና ለዝቃጭ ማድረቂያ ስፍራ ብቻ ይዋል፤ ሒሳቡም በየዓመቱ በቀፊራ በር ላይ ተለጥፎ ሕዝብ ይየው።

5ኛ፤ አገልግሎቱ ከክፍያው ይቅደም። ከአምስቱ ይልቅ የማጠብቀው ይህን ነው።

የዚህ ምክንያት ግልጽ ነው። አንድ ልምድ ያለው የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሐሳብ ባነበበ ጊዜ «በቀን ያስከፈልኸውን በሌሊት ደቻቱ ውስጥ ታገኘዋለህ» አለኝ። እውነቱን ነው። ሰው ከክፍያ ለማምለጥ ባልዲውን በጨለማ ወደ ወንዙ ይዞ የወረደ እንደሆነ፣ ሥርዐታችን ንጽሕናን ሳይሆን ድብቅነትን አስተማረ ማለት ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ፣ የተጣለበትን ሁሉ ዝም ብሎ የሚቀበል ይመስላል። ነገር ግን በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው መግደሉን፣ ብዙ ሺሕ ሕዝብም ቤት አልባ ማድረጉን የድሬዳዋ ሰው አይረሳም። ደቻቱ የተጣለበትን አይረሳም፤ ጎርፍ በመጣ ጊዜ በወንዙ የተጣለውን እድፍ ሁሉ ወደየቤታችን ይመልሰዋል።

ለባልደረባዬ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፤ ሰው እድፉን የሚደብቀው ግልጹ መንገድ ከድብቁ የበለጠ ሲያደክመው ነው። በየማለዳው በገበያው ዳር ደሙን የሚረከብ በርሜል ቢኖር፣ ያገለገለውን ዘይት የሚሰበስብ ሰው ቢመጣ፣ መጣጭ መኪናው በተጠራ ጊዜ ቢደርስ፣ ባልዲ ተሸክሞ በጨለማ ወንዝ የሚወርድ ሰው ጥቂት ይሆናል። ለእነዚያ ጥቂቶች ቅጣት ይበቃል። አገልግሎቱ ሳይኖር ግን ሁሉን ለመቅጣት የሚበቃ ዘበኛ አይገኝም። ስለዚህ መራገፊያው ስፍራ ሳይዘጋጅ ክፍያው ብቻ የታወጀ እንደሆነ፣ ያ ክፍያ ግብር እንጂ የጤና ጥበቃ አይደለም፤ እኔም ሐሳቡን ያቀረብሁት ሰው ቀድሜ እቃወመዋለሁ።

«ነጋዴው ዋጋውን በሳንቡሳው ላይ ይጨምረዋል» የሚልም አይጠፋም። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዛሬም ዋጋው ተጨምሯል፤ የተጨመረው በሳንቡሳው ላይ ሳይሆን በሕፃኑ ሕመም ላይ ነው። በሳንቡሳው ላይ የተጨመረ እንደሆነ ሳንቡሳውን የሚበላው ሰው ይከፍለዋል፤ ስብ ማስቀሪያ ሣጥን የሠራው ነጋዴም ከማይሠራው በረከሰ ዋጋ ይሸጣል። እንዲህ ያለው ውድድር ለገበያውም ለወንዙም ይበጃል።

ትልልቅ ፋብሪካዎችን ትቼ ስለ ገበያ ጓሮ መጻፌ አንዳንዱን ያስገርም ይሆናል። ፋብሪካዎች በ2001 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቍጥር 159 በተለይ ይመለከታቸዋል፤ ናሙናቸው ይቀዳ፤ እንደ ክብደታቸውም ይክፈሉ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ብዙ ትንንሽ ባልዲዎች ተደምረው እንደ አንድ ፋብሪካ የሚከብዱ መሆናቸውን፣ ማንም ግን የማይቈጥራቸው መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ለትልቁ ሚዛን አቁሞ ትንሹን በስፍር የሚፈርድ ሥርዐት ለሁለቱም የማይበጅ ነው።

የተከበራችሁ የቀፊራ ነጋዴዎችና የሰፈሩ ነዋሪዎች፣ ሕጉ እስኪወጣ፣ ሰንጠረዡም እስኪዘጋጅ ድረስ ዛሬ ማታ ልታደርጉት የምትችሉት ነገር አለ። ፍየል ስታርዱ ደሙን በባልዲ ያዙ፤ ወደ ቦይ አትድፉ። ድስቱን ከማጠባችሁ በፊት ስቡን በወረቀት ወይም በእንጨት ጥረጉት። ዘይቱን አቀዝቅዛችሁ በጀሪካን አኑሩት። ይህን ያደረገ ሰው ገና ክፍያ ሳይመጣ ከሦስተኛው ደረጃ ወደ ሁለተኛው ወርዷል ማለት ነው።

ለእኒያ እናት ደግሞ መልሴን ዘግይቼም ቢሆን በዚህ አቀርባለሁ። አይደለም፤ የእርስዎ ሳሙናና የጎረቤትዎ ደም በአንድ ዋጋ አይደለም፤ በአንድ ዋጋ ሊሆንም አይገባውም። የፊተኛውን ወረቀቴን ቀድጄ ጥዬዋለሁ። የአሁኑን ለአለቆቼ ሳቀርብ፣ ክርክሩን የጀመሩት በትምህርት ቤት ያገኘኋቸው መምህራን ሳይሆኑ፣ እጃቸው በሳሙና የተሞላ አንዲት የቀፊራ እናት መሆናቸውን በመጀመሪያው መስመር ላይ ጽፌአለሁ።